የአንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር፦ የቆዩ የተኩስ ጨዋታዎችን መልሶ ስለ መጫወትና ስለ ናፍቆቱ፣ ከቡሹሎ የቀረበ ምልከታ

መነሻ

በሰዋስው መጻሕፍታችን «አንደኛ መደብ» የሚባለው ተናጋሪው ነው፤ በነጠላ «እኔ»፣ በብዙ «እኛ» ይሆናል። በኮምፒዩተር ጨዋታዎች ዓለም ደግሞ ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን መላ አካል ሳያይ፣ በገጸ ባሕርዩ ዓይን ብቻ እየተመለከተ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ በሚሉ እጆችና በአንድ መሣሪያ የሚጫወተው የተኩስ ጨዋታ በዚሁ ስም ይጠራል። ስያሜው ነጠላውን «እኔ» ብቻ የሚያስብ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚከራከረው ግን በሀዋሳና ሀዋሳን በመሰሉ ከተሞች በጌም ቤት ወንበር ላይ ከእነዚህ ጨዋታዎች ጋር የተዋወቀ ሰው የተጫወታቸው በ«እኛ» እንደ ነበር፣ ዛሬ መልሶ ሲጭናቸው የሚያጋጥመው ቅሬታም ከዚህ የቁጥር ለውጥ የሚመነጭ መሆኑን ነው።

ጽሑፉ የመጠይቅ ወይም የቆጠራ ውጤት አይደለም። ስለ ጨዋታዎቹ ታሪክና አሠራር በሚታወቀው፣ ስለ ናፍቆት በተጻፈው፣ እንዲሁም በቡሹሎ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ በአንድ ክረምት ጨዋታዎቹን በአሮጌ ላፕቶፕ መልሼ ስጫወት በያዝሁት ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ነው። የምርምር ጽሑፍ ልማድ «ጸሐፊው» እያሉ በሦስተኛ መደብ መናገርን ይጠይቃል፤ ርእሱ አንደኛ መደብ በመሆኑ ልማዱን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። የአንድ ሰው ትዝታ ለአንድ ትውልድ እንደማይመሰክር አውቃለሁ። ነገር ግን ጥያቄውን ወደ ሌሎች ሰዎች ይዞ ከመሄድ በፊት ጥያቄው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዚህ ጽሑፍ ድርሻም ከዚያ አያልፍም።

ናፍቆትና ትዝታ

ፈረንጆች «ኖስታልጂያ» የሚሉትን ቃል የፈጠረው ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1688 በባዝል ለመመረቂያ ባቀረበው ጽሑፍ። ወደ ቤት መመለስንና ሕመምን የሚገልጹ ሁለት የግሪክ ቃላትን አጋጠመ። ከጠቀሳቸው ታማሚዎች አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የመጣ ወጣት ነበር፤ መድኃኒት ያላዳነው ይህ ወጣት ወደ አገሩ ጉዞ ሲጀምር እየተሻለው ሄደ ይባላል። በኋላም ሕመሙ በባዕድ አገር ሠራዊት ውስጥ በሚያገለግሉ የስዊዘርላንድ ወታደሮች ላይ የሚታይ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ ኖረ። በሕክምናው መዝገብ የተማሪና የወታደር በሽታ ሆኖ መጀመሩን ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስቬትላና ቦይም እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ ናፍቆትን ለሁለት ትከፍለዋለች። አንደኛው ያለፈውን መልሶ ለመገንባት የሚተጋ ነው፤ ሁለተኛው በርቀቱ ላይ፣ በናፍቆቱ በራሱ ላይ የሚቆይ ነው። ክፍፍሉ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ ቋንቋው ቀድሞ ሁለት ቃላት አዘጋጅቷልና። ናፍቆት ባለቤት አለው፦ የናፈቀ ሰው የናፈቀውን ያውቃል፣ ሲያገኘውም ናፍቆቱ ይወጣለታል። ባሕር ማዶ የሄደ ልጅ ሲመለስ እናቱ «ናፍቆቴ ተወጣልኝ» ትላለች። ትዝታ ግን መገናኘትን አይጠብቅም፣ በመገናኘትም አያልቅም። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነው ትዝታም በዚሁ ስም መጠራቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ የትዝታ ዜማ የሚያዳምጥ ሰው ያለፈው ይመለስልኛል ብሎ አያዳምጥም።

የቆየ ጨዋታ ፈልጎ የሚጭን ሰው ናፍቆት የያዘው ይመስለዋል። ፋይሉን አገኘ፣ ጫነው፣ ከፈተው፤ እንግዲህ ናፍቆቱ ሊወጣለት ይገባል። የማይወጣለት ከሆነ ግን የናፈቀው ፋይሉን አይደለም ማለት ነው።

የሥነ ልቦና ጥናቶች ለዚህ ግምት ድጋፍ ይሰጣሉ። በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ባሳተሟቸው ሥራዎች የናፍቆት ትረካዎች አብዛኛውን ጊዜ ባለታሪኩን ከቅርብ ሰዎቹ ጋር እንደሚያሳዩ፣ ናፍቆትን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከልም ብቸኝነት ጎላ ብሎ እንደሚገኝ አመልክተዋል። የማስታወስ ጥናት ደግሞ ሰዎች በሕይወታቸው ከዐሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ የሆነውን ከሌላው ዘመናቸው ይልቅ አብዝተው እንደሚያስታውሱ ካረጋገጠ ቆይቷል። የጌም ቤት ዕድሜ በዚህ ውስጥ ይወድቃል።

ጨዋታዎቹ በምን መንገድ እዚህ ደረሱ

የዘርፉ አያት የሚባለው «ዎልፈንስታይን 3ዲ» እ.ኤ.አ. በ1992፣ ዘርፉን በዓለም ዙሪያ ያስፋፋው «ዱም» ደግሞ በታኅሣሥ 10 ቀን 1993 ከኢድ ሶፍትዌር ወጡ። ዱም ዛሬ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ የተሠራበት ብልሃት ግን ቀላል አልነበረም። ዓለሙ በእውነቱ ሦስት ገጽታ ያለው አይደለም። በጠፍጣፋ ፕላን ላይ የተሣለ ካርታ ሲሆን ለእያንዳንዱ ክፍል የወለልና የጣሪያ ከፍታ ተሰጥቶታል፤ በመሆኑም አንድ ክፍል በሌላው ላይ ሊደረብ አይችልም፣ ተጫዋቹም ሽቅብና ቁልቁል አያይም። ጆን ካርማክ ካርታውን አስቀድሞ እየከፋፈለ በዛፍ መልክ በማደራጀቱ ማሽኑ የትኛው ግድግዳ ከየትኛው ፊት እንዳለ በየቅጽበቱ እንደ አዲስ መፈለግ አላስፈለገውም። በዚህ የተነሣ 4 ሜጋባይት ራም ያለው 386 ኮምፒዩተር ጨዋታውን መሸከም ቻለ። ከሦስቱ ክፍሎቹ የመጀመሪያው ማንም እንዲቀዳውና እንዲያሰራጨው በነጻ የተለቀቀ ስለነበር ጨዋታው የተስፋፋው ከእጅ ወደ እጅ ነበር። መቅዳት በዚያ አገር የንግዱ ስልት ነበር፤ በእኛ አገር ብቸኛው መንገድ ሆነ።

«ሃፍ ላይፍ» እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የ«ኩዌክ»ን የውስጥ ሞተር አሻሽሎ ነው። በእሱ ላይ ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ1999 «ካውንተር ስትራይክ»ን ሠሩ፤ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ሥራውን ወስዶ በ2000 በሽያጭ አቀረበው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው 1.6 ደግሞ በ2003 ወጣ። ለዚህ እትም የተጠየቀው ዝቅተኛ አቅም 500 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 96 ሜጋባይት ራም ብቻ ነበር። የበለጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፦ ጨዋታው ኢንተርኔት አይፈልግም። ማሽኖቹ በገመድ ከአንድ ማገናኛ ሳጥን ጋር ከተያያዙ አንዱ አስተናጋጅ ይሆናል፣ ሌሎቹ ይገባሉ። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ቢሆንም ለዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚበቃ ፍጥነት ከተራው ሰው እጅ እስኪገባ ብዙ ዘመን ወስዷል። ስለዚህ ካውንተር ስትራይክ በመስመር አልመጣም፤ በሲዲ፣ ቀጥሎም በፍላሽ፣ በሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ መጣ። ጨዋታው በእነሱ 2000 ወጣ፤ እኛ ሚሌኒየም ስናከብር፣ በእኛ 2000፣ ገና እንደ አዲስ እንጫወተው ነበር። የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ከጨዋታው መዘግየት ጋር እንዲህ መግጠሙ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ከካውንተር ስትራይክ ጎን ሊቆም የሚችለው «ፕሮጀክት አይ ጂ አይ» ነው። ኢነርሉፕ የተባለ የኖርዌይ ድርጅት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የወጣ፣ 14 ተልእኮዎች ያሉት፣ አንድ ሰው ብቻ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። በምዕራቡ ዓለም የጨዋታ ታሪክ ውስጥ ብዙም ቦታ አይሰጠውም። እዚህ ግን ስሙን ጠርቶ የማይደነቅ የእኔ እኩያ ጥቂት ነው። ዋና ጠባዩ ተልእኮው ሳያልቅ መሐል ላይ ማስቀመጥ አለመቻሉ ነው፤ ከሞቱ ከመጀመሪያው። በእጄ የገባው ቅጂ ቦታ እንዳይፈጅ ተብሎ በተልእኮዎቹ መሐል የሚታዩት ፊልሞች ተቆርጠው የወጡለት ነበር። ስለዚህ ሰውዬው ማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደሚተኩስ፣ ማንን እንደሚፈልግ አናውቅም ነበር። ታሪኩን እኛው ሞላነው። ለተልእኮዎቹም ስም አወጣንላቸው፦ «ባቡሩ»፣ «ግንቡ»፣ «በረዶው»። የተቆረጠው ፊልም ከዓመታት በኋላ በሙሉ ቅጂ ላይ ሲገጥመኝ እንግዳ ሰው ቤቴ ገብቶ የተቀመጠ መሰለኝ።

ተራ ጠባቂው

ጌም ቤቱ በሰዓት ያስከፍላል። የኪሳችን ገንዘብ ከሰዓቱ ያነሰ ነበር። ውጤቱ ቀላል ሂሳብ ነው፦ በአንድ ከሰዓት በኋላ በጌም ቤት ውስጥ ከቆየሁባቸው ሰዓታት ውስጥ ማውዙን የያዝሁበት ጊዜ ትንሹ ነው። ቀሪውን ያሳለፍሁት ከወንበር ኋላ ቆሜ ነበር። እያንዳንዱ ወንበር ሁለት ሦስት ቋሚ ነበረው። ቋሚው ዝም ብሎ አይቆምም፤ ያያል፣ ያስጠነቅቃል፣ ይመክራል፣ ይሰድባል፣ ከተቃራኒው ቡድን ስክሪን ሰርቆ አይቶ ይመጣል። ይህን የመጨረሻውን ሲያደርግ ከተያዘ ጠብ ይነሣል። በሲዳምኛ የተጀመረ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ይጨረስ ነበር፤ የመሣሪያዎቹ ስም ደግሞ የማንም ቋንቋ አልነበረም፣ ኪቦርዱ ላይ በሚጫኑት ቁጥር ይጠሩ ነበርና።

ካውንተር ስትራይክ ራሱ ይህን ሥርዓት በውስጡ ይዟል። በአንድ ዙር የሞተ ተጫዋች ዙሩ እስኪያልቅ አይነሣም፤ በሕይወት ባሉት ጓደኞቹ ዓይን እያየ ይጠብቃል። ማለትም ጨዋታው ተጫዋቹን ወደ ተመልካችነት ይለውጠዋል፣ መልሶም ያስነሣዋል። ከፍሎ የተቀመጠውም ያልከፈለውም የጨዋታውን አጋማሽ የሚያሳልፉት በሰው ዓይን በማየት ነው። ሁለት ቡድን፣ አሳዳጅና ተሳዳጅ፣ የተያዘው ወጥቶ የሚጠብቅበት ሕግ፦ ይህ በየሰፈሩ የምናውቀው ሌባና ፖሊስ ነው። ካውንተር ስትራይክ በቀላሉ የገባን ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ጨዋታ ሲጽፍ ጨዋታ ከዕለት ኑሮ ተለይቶ በተከለለ ቦታና ጊዜ ውስጥ እንደሚካሄድ ገልጿል። የጌም ቤቱ ክልል ስክሪኑ አልነበረም፤ ክፍሉ ነበር። በሩ ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ክልሉን ከመንገዱ ይለየዋል፤ የሚፈለግ ልጅ እናቱ መጋረጃውን ስትገልጥ ክልሉ ይፈርሳል።

ስለ ተጫዋቾች የተጻፉት ሥራዎች በአብዛኛው ተጫዋቹ የማሽኑ ባለቤት፣ ቢያንስ ማሽኑን የያዘ ሰው መሆኑን ይወስዳሉ። የቋሚው ናፍቆት በእነሱ መለኪያ አይታይም። እኔ ግን የዚህ ጽሑፍ ዋና ግኝት ይኸው ነው እላለሁ፦ ብዙዎቻችን «ተጫውተነው ነበር» የምንለውን ጨዋታ በአመዛኙ አይተነው ነው የምናውቀው።

በቡሹሎ የተደረገው ድጋሚ ጨዋታ

ቡሹሎ ከሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ያለ፣ ከከተማው መሐል ወከባ ራቅ ያለ፣ በጤና ተቋሙ ስሙ የሚታወቅ ሰፈር ነው። ወደዚያ የሄድሁት ለርካሽ ኪራይና ለጸጥታ ነበር። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ጉድለቱ ጥቅም ሆኖ ተገኘ።

በቅድሚያ የተጫነው አይ ጂ አይ ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ማስታወሻዬ ላይ የሰፈረው ነገር ግራ የሚያጋባ ነው፦ እጄ ምንም አያውቅም። ጎንበስ ማለት በየትኛው ቁልፍ እንደ ሆነ፣ ጥይት መቀየር በየትኛው እንደ ሆነ አጣሁት። ዓይኔ ግን ሁሉን ያውቃል። የጥበቃው ማማ የት እንዳለ፣ ካሜራው ወደ የት እንደሚዞር፣ ከየትኛው በር ስንት ወታደር እንደሚወጣ ገና ሳልደርስ አውቀዋለሁ። ሰው ብዙ የተጫወተውን ጨዋታ ሲመልስ የሚጠበቀው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጣቶች ያስታውሳሉ፣ አእምሮ ይከተላል። የእኔ ትዝታ የቋሚ ትዝታ መሆኑን ያረጋገጠልኝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ከወንበሩ ኋላ ሆኜ ካርታውን አጥንቼዋለሁ፤ ኪቦርዱ ግን ከሌላ ሰው እጅ ሥር ነበር።

በሦስተኛው ምሽት መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ተልእኮው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ስክሪኑ ጨለመ። በጌም ቤት ይህ ሲሆን ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኽ ነበር፣ ከዚያም ሳቅ ይከተላል፣ ከዚያም ቀሪ ደቂቃ ያለው ሁሉ ከባለቤቱ ጋር ክርክር ይገጥማል። ሰዓትህ ስንት ነበር፣ መብራት ሲመጣ ከየት ይቆጠር፣ ጄኔሬተር ይነሣ ወይስ አይነሣ። በቡሹሎ ግን ጨለማው ጨለማ ብቻ ነበር። ከሐይቁ አቅጣጫ እንቁራሪቶች ይሰሙ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ «የሚጮኽ የለም» ብዬ ጽፌአለሁ።

ካውንተር ስትራይክን ሳስነሣ ነገሩ ይበልጥ ጎላ። ሰው ስለሌለ ማሽኑ በሚያንቀሳቅሳቸው ተፋላሚዎች ላይ ተጫወትሁ። «ደስት 2» የተባለው የበረሃ ካርታ አንድም ነገር ሳይጎድልበት እዚያው አለ፤ በሮቹ፣ ሳጥኖቹ፣ ዋሻው። ስሞት ግን የማየው የማሽን ዓይን ነው። በማሽን ዓይን ማየት አሰልቺ ነው፤ አይፈራም፣ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም፣ ይሳሳታል፤ ግን በስህተቱ የሚያፍር የለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ በዕቅድ የተደረገ አልነበረም። የቤት አከራዬ እመት፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ በሌሊት የተኩስ ድምፅ መስማታቸውን በጨዋ አነጋገር ነገሩኝ፤ እኔም ሄድፎን ገዛሁ። ሄድፎኑ ድምፁን አጠራው፣ ጨዋታውን ግን የበለጠ ገደለው። በጌም ቤት ማንም ሄድፎን አያደርግም ነበር፤ የሁሉም ተኩስ የሁሉም ነበር፣ ከየትኛው ማሽን እንደመጣ መለየትም ራሱን የቻለ ችሎታ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ የልጅ ልጃቸው፣ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት የሚሆን፣ በስልክ የሚጫወት ልጅ፣ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ሥዕሉ አስቀያሚ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ። ሊሄድ ነው ብዬ ስጠብቅ ቆየ። ሄድፎኑን አወለቅሁ፣ ድምፁን ዝቅ አደረግሁ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ «ከኋላ! ከኋላ!» እያለ ይጮኽ ጀመር። በዚያ ምሽት የተመዘገበው የጨዋታ ጊዜ ከሁሉም ይረዝማል። ኪቦርዱን ለእሱ ሰጥቼ እኔ ስቆም ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ የምፈልገው ነገር መጣ። ቁሜ ነው የመጣው።

እንደ ጥናት ውጤት ይህ አንድ ምሽትና አንድ ልጅ ነው፣ ከዚያ በላይ ላስመስለው አልሻም። ሆኖም ጨዋታው፣ ማሽኑና ካርታው ሳይለወጡ የተለወጠው የሰው ቁጥርና የእኔ አቋቋም ብቻ መሆኑ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ስለ ጥይቱ

ስለ ተኩስ ጨዋታ ናፍቆት እየጻፉ ስለ ተኩስ ዝም ማለት አይቻልም። ጨዋታዎቹ ጠበኛ ያደርጋሉ ወይ የሚለው አሮጌ ክርክር እዚህ ላይ ብዙ አያቆየንም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ በጨዋታዎቹና በመለስተኛ የቁጡነት ጠባይ መካከል ትንሽ ግንኙነት መኖሩን ተቀብሎ፣ የእውነተኛ ግድያና ጥቃት ምክንያት አድርጎ ለመክሰስ ግን በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አስታውቋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጌም ቤት በቆምንበትና በዛሬው መካከል ይህች አገር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 ድረስ በሰሜን ታላቅ ጦርነት አሳልፋለች፤ በሌሎች አካባቢዎችም ተኩሱ አልቆመም። ከወንበር ኋላ አብረውኝ ከቆሙት መካከል እውነተኛ መሣሪያ የያዙ አሉ። ካውንተር ስትራይክን ስከፍት የተለወጠው ነገር ስለዚህ የሰው አለመኖር ብቻ አይደለም፤ የአንዳንዱ አለመኖር ከምን እንደ መጣ አለማወቄም ጭምር ነው።

እማማ በሌሊት የተኩስ ድምፅ ሲሰሙ ጨዋታ ነው ብለው ለማሰብ ምንም ምክንያት አልነበራቸውም። ልጅ ሳለሁ የጌም ቤቱ ጎረቤቶች በጫጫታችን ይማረሩ ነበር፤ በተኩሱ ግን ደንግጠው መውጣታቸውን አላስታውስም። በዚያን ጊዜ ድምፁ የጨዋታ ድምፅ ብቻ መሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ምናልባት የናፈቀን አንዱ ነገር ይህ ግልጽነት ሊሆን ይችላል፦ የሞተው ዙሩ ሲያልቅ እንደሚነሣ እርግጠኛ የሆንበት ክፍል። ይህን ለማረጋገጥ ከጦር ሜዳ የተመለሱ የቀድሞ ተጫዋቾችን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው በጥንቃቄ፣ ምናልባትም በሌላ ሰው መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል። የሆፈር ታማሚዎች ታሪክ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ወታደሩ የሚናፍቀው ቤት ውስጥ የጨዋታ ጦርነት ቢኖርስ?

ምን ይቀመጥ

በውጭው ዓለም የቆዩ ጨዋታዎች ጥናት ትልቁ ስጋት የጨዋታዎቹ መጥፋት ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት በአሜሪካ ከወጡት የቆዩ ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ በሕጋዊ መንገድ እንደማይገኙ ገልጿል። ችግሩ የሽያጭ ብቻ አይደለም። በ16 ቢት የተሠራ መጫኛ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይነሣም፤ ከቅጂ ለመከላከል በሲዲዎች ላይ ይደረግ የነበረው «ሴፍዲስክ» የተባለው መቆለፊያ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ስለማይሠራ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው ከደጅ ይቀራል፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ያለው ግን ይገባል። የካውንተር ስትራይክ የቀድሞው የመረብ አገልግሎትም እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘግቷል። በአንጻሩ ኢድ ሶፍትዌር የዱምን የፕሮግራም ጽሑፍ በ1997 ለሕዝብ በመልቀቁ ዱም ዛሬ በሁሉም ዓይነት ማሽን ላይ ይነሣል።

ለእኛ የዚህ ስጋት ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ኮዱን ሌሎች ጠብቀውልናል። በማንም ያልተጠበቀው ጌም ቤቱ ነው። ደረሰኝ አልነበረውም፣ የሲዲ ሽፋን አልነበረውም፣ ፎቶ ያነሣው ያለ አይመስለኝም። የጽሑፍ ሰነዱ ባለቤቱ የገቢና የመውጫ ሰዓት የሚጽፍበት ደብተር ነበር፤ ያ ደብተር ሲሞላ የት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች መካከል ስለሚቆጥር፣ በየፍላሹ የተላለፉትን ቅጂዎች ሰብስቦ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ማኖር ቀላል አይሆንም። የመቅዳቱን ታሪክ፣ ማን ከማን እንደ ቀዳ፣ ሲዲው ከየት ከተማ እንደ መጣ፣ የትኛው ፊልም ተቆርጦ የትኛው እንደ ተረፈ መመዝገብን ግን ሕግ አይከለክልም።

ስለዚህ በሀዋሳ ይህን ጉዳይ ሊቀጥል የሚሻ ተመራማሪ ከጨዋታዎቹ ዝርዝር ባይጀምር እመክራለሁ። ከክፍሎቹ ይጀምር፦ ማሽኖቹ እንዴት ተደርድረው ነበር፣ ጀርባ ለጀርባ ወይስ ጎን ለጎን፤ ቋሚዎች በየት ይቆሙ ነበር፤ ሴት ልጆች ይገቡ ነበር ወይ፣ ካልገቡስ ማን ከለከለ፤ መብራት ሲጠፋ የሰዓቱ ሂሳብ በምን ሕግ ይፈታ ነበር፤ ለመሣሪያዎቹና ለካርታዎቹ በየሰፈሩ ምን ስም ወጣላቸው። ከቀድሞ ደንበኞች ይልቅ ባለቤቶቹን መጠየቅ የተሻለ መረጃ ሳይሰጥ አይቀርም፤ እነሱ ያስታውሱ የነበረው ጨዋታውን ሳይሆን ተጫዋቾቹን ነውና። እኔ የማውቀው ቤት ዛሬ የስልክ መጠገኛ ሆኗል። በቅርቡ ስክሪን ለማስቀየር ገብቼ ነበር። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ገመዶቹ ያልፉባቸው የነበሩት ስድስት ቀዳዳዎች ግን አልተደፈኑም፤ ርቀታቸው ቢለካ የወንበሮቹን አቀማመጥ መልሶ መሣል ይቻላል።